ዜማ ያለው ሮክ ምን አጠፋ? ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንደኛው ጊታር የማስተምረው ልጅ ነው፤ ከሥሩ «ቲቸር፣ አሁንስ ምን ትላለህ?» ብሎበታል። ሌላኛው የብሎካችን ኮሚቴ ነው። እሱ ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ነው የላከው። ግን ገብቶኛል። ማታ ማታ ስለሚሰማው ጊታር ከዚህ ቀደም ተነጋግረናል።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው የሚቀጥልበት ዳር። ቀን ቢሮ እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሳሎኔ ውስጥ ጊታር አስተምራለሁ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ አይደለሁም። ይህን ከወዲሁ ተናግሬ ልለፍ።

ጽሑፉ ስለ ሆላንዳዊው ጊታሪስት አድሪያን ቫንደንበርግ ነው። ላላነበባችሁት፣ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ቫንደንበርግ ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ሜሎዲክ ሃርድ ሮክ (ዜማ የበዛበት ከባድ ሮክ) የተመለሰው ለገንዘብና ለስም ነው ይላሉ። ሐሳብ እንዳለቀበት የሚያሳየው ደግሞ የ1982ቱን ዘፈኑን በ2020ው አልበሙ እንደገና መቅረጹ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር የወጣት ጣት ነው የሚፈልገው፣ ስድሳ ያለፈው ሰው አርፎ ሥዕሉን ይሣል ይላሉ። ድሮም ቢሆን ያን ያህል አልነበረም፤ በዝነኛው ባንድ በዋይትስኔክ ውስጥ ጊታሩን የተጫወቱለት ሌሎች ናቸው ይላሉ። ሜሎዲክ ሃርድ ሮክ የሚባለው ራሱ ስኳር የበዛበት ሻይ ነው፣ ሮክም ፖፕም አይደለም ይላሉ። ሲጨርሱ ወደ እኛ ይመጣሉ። ይህ ሙዚቃ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰማው ሰው ፈረንጅ ለመምሰል ነው የሚሰማው። ካለ አንድ ሰው አሳዩኝ ብለው ይዘጋሉ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ያስቃል። የፀጉሩ ቀልድ እኔንም አስቆኛል። ግን ሳቁ ሲያልቅ ነገሩ አይቆምም።

መጀመሪያ ሰውየው ማን ነው? (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አልበሞቹ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ።) ቫንደንበርግ በ1954 ሄግ ከተማ ተወለደ። በስሙ የጠራው ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን በ1982 አወጣ። «በርኒንግ ሃርት» የሚለው ዘፈናቸው አሜሪካ ገብቶ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ 39ኛ ደረሰ። ለሆላንድ ሮክ ባንድ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በ1987 ዘፋኙ ዴቪድ ኮቨርዴል የሚመራው ዋይትስኔክ ገባ። ከዚያ ባንዱ በተደጋጋሚ ሲበተንና ሲሰበሰብ እሱም አብሮ ቆየ፣ እስከ 1997 አካባቢ። ከዚያ ወደ ሥዕል ገባ። ሥዕል ደግሞ በኋላ የመጣ ሆቢ አይደለም። የ1983ቱን አልበማቸውን ሽፋን የሣለው ራሱ ነው። በ2014 ሙንኪንግስ ከሚባል ባንድ ጋር ወጣ፤ ያ ወደ ብሉዝ የሚያደላ ሃርድ ሮክ ነው። በ2020 የድሮውን ስም መልሶ አንሥቶ፣ ሮኒ ሮሜሮ ከሚባል ቺሊያዊ ድምፃዊ ጋር፣ ዜማ ወደሞላበት ሮክ ተመለሰ። በ2023 ደግሞ ማትስ ሌቬን እየዘፈነለት ከተመለሰ ወዲህ ሁለተኛውን አልበም አወጣ።

አሁን ወደ ክሱ። ከመሃል እጀምራለሁ፤ ብዙ ሰው የተቀባበለው እዚያ ላይ ያለውን ነውና።

ጊታሩን የተጫወቱለት ሌሎች ናቸው የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ግማሹን ልመን። በ1987ቱ የዋይትስኔክ አልበም ላይ አብዛኛውን ጊታር የተጫወተው ጆን ሳይክስ ነው። ቫንደንበርግ ያለው በአንድ ዘፈን፣ በ«ሂር አይ ጎ አጌን» ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን በሚወጣበት ቦታ) ላይ ነው። በቪዲዮዎቹ ላይ ጊታር ይዞ ፀጉሩን ሲያወናጭፍ የምናየው ግን እሱ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። በ1989ኙ አልበም ላይ ደግሞ አንድም ኖታ አልተጫወተም፤ ጊታሩን በሙሉ የተጫወተው ስቲቭ ቫይ ነው። ይህም እውነት ነው።

ጸሐፊው የዘለሉት ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ያልተጫወተው እጁን ስለተጎዳ ነው። ሁለተኛ፣ በ1989ኙ አልበም ላይ ያሉትን ዘፈኖች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከኮቨርዴል ጋር የደረሰው እሱ ነው። ስቲቭ ቫይ የተጫወተው የሌላ ሰው ዜማ ነበር።

ይህ ትንሽ ነገር ነው? ለፈረንጅ ሊሆን ይችላል። በካሴት ላደገ ኢትዮጵያዊ ግን ትንሽ አይደለም። የካሴቱ ወረቀት ላይ ምን ይጻፍ ነበር? ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። እናቴ ማንበብ የምትወደው ያንን ነበር። ድምፃዊው ማን እንደሆነ ሽፋኑ ላይ አይታዋለች፤ የምትፈልገው ዜማው የማን እንደሆነ ነው። «አሃ፣ እኮ!» ትላለች ስታገኘው። ሊድ ጊታሩን ማን እንደተጫወተ ጠይቃ አታውቅም። ዜማ ደራሲውን ከተጫዋቹ ለይተን የምናውቅ ሰዎች ነን። ታዲያ ለቫንደንበርግ ሲሆን ለምን እንረሳዋለን?

ደግሞም መጫወት አይችልም ለማለት የመጣ ሰው የ1997ቱን የቶኪዮ ቅጂ መስማት ነበረበት። ባንድ የለም፣ ድራም የለም፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው ዲስቶርሽን የለም። አንድ አኩስቲክ ጊታር እና አንድ ድምፅ፤ ቫንደንበርግና ኮቨርዴል ብቻ። ሁለት ሰው ሆነህ መድረክ ላይ ተቀምጠህ የሚጫወትልህ ሰው ከየት ታመጣለህ? በዚያው ዓመት በወጣው የባንዱ የስቱዲዮ አልበም ላይም ጊታሪስቱ እሱ ነው። ጽሑፉ ስለ ሁለቱም አንድ ቃል የለውም።

ስለ ዕድሜው የተባለውን በተመለከተ ትንሽ ልዘግይ፤ እኔም ወደዚያ እየሄድኩ ነውና።

ፍጥነት ይቀንሳል። ይህን የሚክድ ጊታሪስት የለም። እንግሊዛዊውን ጊታሪስት ሪቺ ብላክሞርን ተመልከቱ። ሬይንቦ የሚባለውን የሮክ ባንድ በ1975 የመሠረተ፣ በኋላ ሙሉ በሙሉ ትቶት ከ1997 ጀምሮ ከባለቤቱ ጋር የጥንት አውሮፓ ዜማ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። በ2016፣ በ71 ዓመቱ፣ ወደ ሮክ ተመልሶ ሦስት ኮንሰርት ሠራ። ሁለቱ ጀርመን፣ አንዱ በርሚንግሃም። (የዘፈነለት ያው ሮሜሮ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቫንደንበርግ የወሰደው።) የበርሚንግሃሙ ቅጂ አለ። ሰምቼዋለሁ። ፈጣን ቦታዎቹ ላይ ጣቱ እንደ ድሮው አይደለም፤ እውነቱን እንናገር። ግን ዝግ ያለው ሶሎ ላይ ሲደርስ፣ አንዷን ድምፅ ይዞ ክሩን ገፋ አድርጎ ሲያርገበግባት፣ ያ እጅ የማን እንደሆነ ሳታየው ታውቀዋለህ።

ልዩነቱ ይህ ነው። የሚያረጀው ፍጥነቱ ነው። ለሜሎዲክ ሃርድ ሮክ የሚያስፈልገው ግን በዋናነት ፍጥነት አይደለም። አንድ ድምፅ ላይ ስንት ጊዜ ትቆያለህ? መቼ ትለቃታለህ? እንዴት ታስለቅሳታለህ? እነዚህን የ19 ዓመት ተማሪዬ ገና አልመለሳቸውም። በደቂቃ ውስጥ የሚረጫቸው ድምፆች ብዛት ያስቀናል። አንዷን ግን አላስታውስም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ክርክር መነሣቱ ራሱ ይገርማል። በገና ደርዳሪ ስድሳ ሲሞላው ጡረታ ውጣ ያለው ማን ነው? አለሙ አጋን ጣትህ አርጅቷል ብሎ የሚከራከር ሰው አላየሁም። ኃይሉ መርጊያን አስቡት። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ቀረና ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከታክሲው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ እዚያው ይለማመዳል። በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታተመለት። በ2018፣ ሰባ ካለፈው በኋላ፣ አዲስ አልበም አወጣ። ግርማ በየነም በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር ተመልሷል። ያኔ ሁላችንም ደስ አለን። አርፈው ይቀመጡ ያለ አልነበረም። ለእነሱ የፈቀድነውን ለሆላንዳዊው የምንከለክለው ለምንድን ነው?

የገንዘቡን ነገር ቶሎ ልለፈው፤ ብዙም የሚያስኬድ አይደለም። የድሮውን የባንድ ስም መልሶ መጠቀሙ ለገበያ እንደሚጠቅም አያጠራጥርም። ይህን ጸሐፊው በትክክል አይተዋል። ግን ለገንዘብ ነው የሚል ሰው ሒሳቡን መሥራት አለበት። ከ1991 በኋላ፣ ኒርቫናና የሲያትል ባንዶች ሬዲዮውን ከያዙት ጀምሮ፣ ሜሎዲክ ሃርድ ሮክ የሀብት መንገድ መሆኑ ቀርቷል። የቫንደንበርግ አልበም የወጣው ደግሞ በግንቦት 2020 ነው፤ በኮሮና ምክንያት መድረክ ሁሉ በተዘጋበት ሰዓት። ገንዘብ ፈላጊ ሰው ከዚህ የከፋ ገበያ መርጦ አይወጣም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የሙንኪንግስ ድምፃዊ ያን ሆቪንግ ገበሬ ነው። የራሱ እርሻ ያለው ሰው። ይህን ሳነብ በመስኮት ወደ ማሳው አየሁ። ከእኛ ብሎክ ጀርባ በሬ ጠምደው የሚያርሱ ሰውዬ አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ድምፃቸው እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል። ከክርክሩ ጋር ግንኙነት የለውም፣ አውቃለሁ። ዝም ብሎ ደስ አለኝ።

ዘፈን እንደገና ስለ መቅረጽ። የሐሳብ ድርቀት ምልክት ነው ተባለ። እንግዲህ ቅድም ያነሣነውን «ሂር አይ ጎ አጌን» እንውሰድ፤ ቫንደንበርግ ሶሎውን ብቻ የተጫወተበትን። በጥቅምት 1987 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣ ዘፈን ነው። ያ ዘፈን መጀመሪያ የተቀረጸው ግን በ1982 ነው። ያው ባንድ፣ በሌሎች ተጫዋቾች። አንደኛ የወጣው በድጋሚ ሲቀረጽ ነው። ስለዚህ በጸሐፊው ሕግ ከሄድን፣ ዋይትስኔክ በዝናው ጫፍ ላይ በነበረበት ሰዓት ሐሳብ አልቆበት ነበር ማለት ነው። ትዝታንስ ምን ልንለው ነው? እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ትዝታ ሲዘፍን ምን ያህል ትውልድ አለፈ?

እዚህም ላይ ግን ልታረም። የ2020ው «በርኒንግ ሃርት» ለእኔ ከ1982ቱ አይበልጥም። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ጊታሩ ወፍሯል፤ የመጀመሪያው ላይ ያለው ያ የሚንቀጠቀጥ ነገር ግን የለም። አልበሙ ውስጥ ባይኖር አይከፋኝም ነበር። እሱ ባይኖር ባል የሌለው ሰርግ አይሆንም፤ ሌሎቹ ዘፈኖች ራሳቸውን ይችላሉ።

አሁን ወደ ስኳሩ።

ሻይ በስኳር አልጠጣም የሚል ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። ቀልዱ ይቅርና፣ የጸሐፊው ሙግት ይህን ይመስላል፦ ሮክ ቁጣ ነው፣ ዜማ ቁጣን ያለሰልሳል፣ ስለዚህ ዜማ የበዛበት ሮክ የተኮላሸ ሮክ ነው። ሁለተኛው ላይ ነው የምለየው። ዜማ ቁጣን ያለሰልሳል ያለው ማን ነው?

ቀረርቶን ስሙ። ሽለላን ስሙ። ሰው ለጦርነት የሚነሣበት፣ ጠመንጃ የሚነቀነቅበት፣ ጠጉር የሚቆምበት ነገር ነው። ዜማ ነው። ያውም የተሳበ፣ የሚያስለቅስ ዜማ። ቀረርቶ ዜማ ስላለው ጀግናውን አኮላሸው ያለ ሰው በታሪክ አልሰማሁም። እንዲያውም ፉከራው ብቻውን ሲሆን ነው ጩኸት የሚሆነው። አዝማሪው በማሲንቆ ሲገባበት ነው ደም የሚፈላው። ጉልበትና ዜማ ተጣልተው አያውቁም፣ ቢያንስ እዚህ አገር።

ሜሎዲክ ሃርድ ሮክም ከዚህ የራቀ ነገር የለውም። ጊታሩ ወፍራም ነው። ድራሙ ይመታል። አዝማቹ ሲመጣ ግን ሁለትና ሦስት ድምፅ ተደራርቦ ይነሣል፤ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው በሁለተኛው አብሮ ይዘፍናል። ብላክሞር በ1979 ከሬይንቦ ጋር ወደዚህ ሲያዞር ያኔም ተከዳን ያሉ ነበሩ። እሱን ለመሥራት ቀላል ይመስላል። ሞክሩት። በጩኸት መሃል የተበላሸ ኖታ ይደበቃል። አራት መስመር አዝማች ላይ ግን አንዲት ድምፅ ያለ ቦታዋ ከገባች ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። በኮንዶሚኒየም ግድግዳ ይህን በሚገባ ተምሬአለሁ።

እሺ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነገሩ ፋብሪካ ሆኖ ነበር። አንድ ዓይነት ኪቦርድ፣ አንድ ዓይነት ፍቅር፣ አንድ ዓይነት ጃኬት። ጸሐፊው ያንን ዘመን ቢሰድቡት አብሬ እሰድባለሁ። ግን ያ የሰነፍ ባንዶች ጥፋት ነው። በሰርግ ቤት መጥፎ ትዝታ ስለተዘፈነ ትዝታ መጥፎ አይሆንም።

የመጨረሻው ከሁሉ የበለጠ ያናደደኝ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልሂድ። ባዕድ ጆሮ።

ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ ጊታሩ አንገት ላይ አምስት ድምፅ አሳየዋለሁ። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። የዓለም ሮክ ጊታሪስት ሁሉ ሶሎ ሲጀምር የሚማረው ይህን ነው፤ ማይነር ፔንታቶኒክ ይሉታል። አምስት ድምፅ ያለው ማለት ነው። አሁን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ ማንኛውንም ኢትዮጵያዊ ባቲ ማይነር የሚባለውን ቅኝት ተጫወት በሉት። ከላ ቢጀምር የሚጫወተው ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። አንድም አይጎድል፣ አንድም አይጨመር። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከዶ ጀምራችሁ ዶን ማረፊያ ቤት አድርጉት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። እሱ ደግሞ ትዝታ ሜጀር ነው። ስለዚህ ሎንዶንም ይሁን ሄግ ውስጥ አንድ ልጅ መኝታ ቤቱ ተቀምጦ ሶሎ ሲለማመድ፣ ሳያውቀው በባቲ ድምፆች ላይ እየሄደ ነው።

ጸሐፊው አንድ ነገር ሊመልሱልኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ልቅደማቸው። ድምፁ አንድ ስለሆነ ዜማው አንድ አይሆንም። ልክ ነው። ክራር የሚቃኘው በፒያኖ ልክ አይደለም። የእኛ ዘፋኝ ድምፁን የሚያዞርበት መንገድ፣ የሚያርፍበት ቦታ፣ ሁሉም የራሱ ነው። ሜሎዲክ ሮክም በአምስት ድምፅ አይወሰንም፤ ሰባቱን ይጠቀማል፣ ኮርድ ይደራርባል። አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን ሮክ ውስጥ ፈልጋችሁ በቀላሉ አታገኙም። እኔም አንድ ናቸው አላልኩም። ባዕድ አይደሉም ነው ያልኩት። የአጎት ልጅ ወንድም አይደለም፤ ግን በር ላይ አይመለስም።

ከላይ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ዕድራችን አንድ ነው። አምና መብራት ጠፍቶ ሳለ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) ስለማይሠራ በረንዳ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታሩን እንዲሁ ደረቁን እጫወት ነበር። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ከክራር ብዙም አይበልጥም። የምለማመደው ንጹሕ የሮክ ሶሎ ነው፤ ክር መግፋት፣ ማርገብገብ፣ መልቀቅ። እሳቸው ከላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ልጄ፣ አንተ ወሎዬ ነህ እንዴ?» አሉኝ። አይደለሁም እትዬ አልኳቸው። «ታዲያ ማን አስተማረህ?» አሉኝ። የፈረንጅ ነው ብላቸው አላመኑኝም። «ተወኝ እስቲ!» ብለው ገቡ። ባቲ ወሎ ውስጥ መሆኗን እሳቸው ያውቃሉ። ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባል ነገር መኖሩን ግን አያውቁም፤ ፈረንጅ ለመምሰልም የሚቃጣቸው ዓይነት ሰው አይደሉም።

መብራት ሲመጣና ዲስቶርሽኑን ስከፍት ግን ያው ሶሎ አልተወደደልኝም። ለሐቅ ያህል።

ታሪኩም ቢሆን ትናንት አልጀመረም። አሜሪካኖች አስመራ ላይ በነበራቸው የቃኘው ጣቢያ ዙሪያ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በየሆቴሉ ባንድ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር በ1960ዎቹ ገብቶ ቤተኛ ሆኗል። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ሲቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው። የአይቤክስ ጊታሪስት ሰላም ስዩም ጊታሩን ይዞ ከእኛ ዜማ ጋር የሠራውን የሰማ ሰው፣ ይህ ዕቃ የእኛ አይደለም ለማለት ይቸግረዋል። በ2012 ደግሞ ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን አወጣ፤ ከአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል ጋር የተሠራ። ከባድ ጊታር፣ የአገር ቅኝት፣ አማርኛ ግጥም፣ አብሮ የሚዘፈን አዝማች። ሜሎዲክ ሃርድ ሮክ ብለው ባይጠሩትም የሚጎድለው ነገር ብዙ አይደለም።

ከጃኖ በኋላ ሌሎች ባንዶች እንደ አሸን አልፈሉም፤ ይህን ጸሐፊው ጠቅሰውታል፣ እውነት ነው። የሮክ አድማጭ እዚህ ከተማ ጥቂት ነው። ግን ጥቂት መሆን አስመሳይ መሆን አይደለም። እንዲያውም ለመምሰል የሚፈልግ ሰው ብዙኃኑ ያለበት ነው የሚሄደው። ፋራ ላለመባል ሜሎዲክ ሃርድ ሮክ የሚሰማ ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ የለም፤ ፋራ የሚያስብለው እሱ ነውና።

ጸሐፊው የሣሉት አድማጭ የቦሌ ልጅ ነው፤ ውድ ጆሮ ማዳመጫ፣ የውጭ ዘመድ። እኔ ጋ የሚመጡት ሌሎች ናቸው። አንዱ ገላን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ የሌሊት ፈረቃ ከሆነ ሳይተኛ ይመጣል። አንዷ ከቃሊቲ በታክሲ ጊታሩን ጭኗ ላይ ይዛ ነው የምትመጣው፤ ረዳቱ የሁለት ሰው ክፈይ ይላታል። የክር ዋጋ ከጨመረ ወዲህ ቀጭኗ ክር ስትበጠስ አንቀይራትም፤ በአምስት ክር እንቀጥላለን። አምስት ድምፅ፣ አምስት ክር፣ ችግር የለም። እነዚህ ልጆች ማንን ለመምሰል ነው ይህን ሁሉ የሚያዩት? ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚያያቸው ሰው እንኳ የለም፤ ከእኔና ከኮሚቴው በቀር።

ስለዚህ ካለ አንድ ሰው አሳዩኝ ላሉት፣ ግብዣው ክፍት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በስምንት ሰዓት እንጀምራለን። ከቃሊቲ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ይያዙ፣ መጨረሻው ላይ ይውረዱ፣ የጊታር ድምፅ ወዳለበት ብሎክ ይምጡ። መብራት ከሌለ የኮሚቴውን ሰው ይጠይቁ፣ በደንብ አድርጎ ያሳይዎታል። ሻይ አለ፣ ስኳሩን እንደ ፍላጎትዎ። ሲመጡ ቀጭን ክር ቢይዙልን ደግሞ አንጠላም፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ዘጠኝ ኢንች።